ውሃ ልክ

ግንበኛ ነኝ እኔ፣ ደብረ ብርሃን ኗሪ፣
የጠባሴ ተከራይ፣ በቀን ሥራ አዳሪ።
መሣሪያዬ ጥቂት፤ ቱንቢ፣ ማንካ፣ ሲባጎ፣
አንድም ነጭ ጎማ፣ ውሃ በሆዱ አድርጎ
ከጫፍ እስከ ጫፉ ልክን የሚናገር፤
ለሹም የማያደላ፣ የማይደለል በብር።

ከተማው ሲፋፋ ቆሜ አየሁ ከዳር፤
አምና ገብስ ነበር፣ ባቄላና ምስር፣
ዘንድሮ መጋዘን፣ ቆርቆሮና አጥር።
ድንጋዩን ጠርቤ ግንቡን አቁሜያለሁ፤
«ውሃው በየት ይለፍ?» መች ብዬ አውቃለሁ?

ሰማዩም እንደ አሠሪ ክፉ አመል አወጣ፤
ሰኔን ሙሉ ከልክሎ ባቄላውን ቀጣ፣
የሁለት ወር ሂሳብ ባንድ ሌሊት መጣ።
ውርጩም ቀኑ ጠፋው፤ በኅዳር ይቀራል፣
ገና በመስከረም ገብሱን ያቃጥላል።

አምና በሐምሌ አቦ፣ ሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ፣
ፍራሼ ወለሉ ላይ እንደ ታንኳ ዋለለ።
ከጥሩሰው ሱቅ ገባ፤ ስኳርና ኦሞ
አንድ ላይ ሟሟና አረፋው ታየ ቆሞ።
«ያተረፍኩት ይህን ነው» አለች፤ ሳቀች ደግሞ።
የግቢያችን ጉድጓድም… እሱን አላወራም።

ከማዘጋጃ ቤት «ቦይ ይቆፈር» ተባለ።
ኢንጂነር ቃልአብ ካርታውን ዘርግቶ
መሥመሩን አሰመረ፣ ቀጥ አድርጎ፣ አጥንቶ።

የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ጋሽ ወንድይፍራው፣
(ሌሊት የሚጠብቁት የገዛ እርሻቸው ነው፣
ካሳው ካለቀ እንኳ ዓመት አልፎታል)
ካቦርታቸውን ሰብስበው መጡና ወደኔ፣
«ይሄ ቦይ አይሠራም፤ አርሻለሁ እኔ።
እዚህ ነበር ፈሰሴ፤ ከጉቶው ተነሥቶ፣
በመጋዘኑ ሆድ፣ በአጥሩ ሥር ገብቶ፣
በሬሳ የሚወርድ። በሬዬ ቡሬ እንኳ
ሳልነካው ያውቅ ነበር የውሃውን ዱካ።»

ቃልአብ አልሳቀም። ጫማውን አወለቀ፣
ካርታውን አጠፈ፣ ጭቃው ውስጥ ዘለቀ።
አንዱን ጫፍ ሽማግሌው፣ ሌላውን እኔ ያዝን።
ውሃው ተንቀጠቀጠ፤ ዝም አለ፤ ዝም አልን።
በሁለት ስንዝር ጎድሎ ተገኘ ወረቀቱ፤
ፍርዱ ለእሳቸው ሆነ፣ ሽማግሌው ረቱ።

የቡሬን መንገድ በድንጋይ ገነባን፤
ያጥሩ ጥግ ፈረሰ፤ ባለቤቱ ሰደበን፣
ከሰሰን፣
ኋላም ለመደን።

ዘንድሮም ሐምሌ መጣ፣ ያው እንዳመሉ።
ሌሊቱን ስጠብቅ በባትሪ፣ በአካፋ፣
ውሃው እንደ እንግዳ ደጁን አልፎ ጠፋ።
የጥሩሰው ስኳር ደረቅ ሆኖ አደረ፤
ጨፈርን፣ ምን ልዋሽ፤ ማንስ ያልጨፈረ?

ሲነጋ ታች ወረድኩ፣ ወደ በሬሳ አፋፍ፤
ላስቲክ ቤቶች አሉ ከባሕር ዛፉ ጫፍ።
ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ እርሻ የከዳቸው፣
ቀን ሠርተው አዳሪ፣ እንደኔው ናቸው።
አስካለማርያም ቆማለች በጭቃ፤
ስድስት ዶሮ ወስዷል፣ ካንድ ጆንያ ዕቃ።
«ውሃስ ድሮም ነበር፤ ዘንድሮ ፈጠነብን።
መንገድ የጠረገለት ማነው?» አለች፤ አየች እኔን።
እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሲሚንቶ ነበረበት።

ለጋሽ ወንድይፍራው ማታ ብነግራቸው፣
ዝም አሉ፤ ዱላው ላይ አርፎ አገጫቸው።
«ፈሰስ ስታወጣ የታቹን ሰው ጥራው፤
ካልጠራኸው ግና ጠብ ነው የምትመራው።
ይህን እኔም ረሳሁት።
ማሳ ሲርቅ ይረሳል ለካ።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ክፍያ የለበትም።
ጎማዬን በትከሻ ጠቅልዬ ወረድኩ፤
ቃልአብ ከኋላዬ፣ ካርታውን ሳይዝ።
«አንዱን ጫፍ ያዢልኝ» አልኳት አስካለን።
«ምን ልሁን ይዤ?»
«ቁሚ ብቻ። ውሃው የሚቆምበትን
አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።»
ጠርጥራ ያዘችው፣ በሁለት እጇ፣ በጭቃዋ፤
እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ፣
ውሃው በመሃላችን ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤
ገና አልረጋም።