የሰርዲን ፊት

ሠላሳ አንድ ዓመት ራስ ቆርጫለሁ፤
አትደንግጡ እንጂ፣ እነግራችኋለሁ።
ሰርዲን ነው የቆረጥኩት፣ ኦልያው፣ ወደብ ዳር፣
ሳይረኑ ሌሊት ሲያንባርቅ፣ ጀልባ ሲገባ ከባሕር፣
ሽርጤን በእጄ ይዤ፣ ጸጉሬን ሳላበጥር
ከነግራሲዬት ጋር ስሮጥ በድንጋዩ መንደር።

አንድ ምት በቢላ፣ አንድ ሳብ በአውራ ጣት፤
ራስና አንጀቱ ወደ ባልዲ፣ ገላው ወደ ሳጥን፤ ሌላ ዓሣ፣ ሌላ ምት።
አለቃችን አቢሊዮ ሰዓቱን በእጁ ይዞ
ከኋላችን ይቆም ነበር፣ ከዓሣው ብሶ ቀዝቅዞ።

ፋብሪካው ተዘጋ። አሁን ሆቴል ሆኗል፤
የገባንበት በር መስታወት ለብሷል።
እጄ ግን መዘጋቱን አልሰማም።
ማታ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ስል
አውራ ጣቴ ብቻውን ጭኔ ላይ ይስባል፣ ይስባል።

ባለፈው ሐሙስ ከቻይናዎቹ ሱቅ፣ አምፖል ልገዛ ገብቼ፣
አንድ ካርቶን ይዤ ወጣሁ፣ አምፖሉን ረስቼ።
ፖሊመር ጭቃ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ቀለም፣ አራት ዩሮ ከሃምሳ፤
ሦስት የፕላስቲክ ቢላ (አንዱ ገና ሲወጣ ተሰበረ)፣
አንዲት ስስ ወረቀት፣ በዘጠኝ ቋንቋ የምታወሳ።
ሽፋኑ ላይ ፈገግ ያለች ልጅ፣ ጽጌረዳ ሠርታ፤
“ለጀማሪ” ይላል። በስድሳ ስምንት ዓመቴ
ጀማሪ ተብዬ ስጠራ ደስ አለኝ ላንዳፍታ።

ጭቃው ድንጋይ ነው፤ ርካሽ ዕቃ አይደል!
በመዳፌ አሸሁት፣ በብብቴ አሞቅሁት፣ እንደ ዶሮ እንቁላል።
ከቀዩ በኋላ ነጩን ብነካው ነጩ ሮዝ ሆነ፤
በመሀል እጅ ታጠቢ ያለኝ የለም፤ ወረቀቱ ብሎ ይሆናል፣
መነጽሬ ግን የት እንደሆነ!

ጽጌረዳ ሞከርኩ፤ ጎመን ወጣ።
ድመት ሞከርኩ፤ ጆሮ ያለው ድንች መጣ።
ከዚያ እጄ፣ እኔን ሳይጠይቅ፣
ግራጫውን ከሰማያዊው ጠቅልሎ
ሰርዲን ይሠራ ጀመር።
ጅራቱን በስቴኪኒ ሰነጠቀ፣
ቅርፊቱን በብዕር ክዳን አንድ በአንድ አተመ፤
አንገቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

የሰርዲን ፊት ምን ይመስላል?
አፉ ወዴት ያያል? ዓይኑ የት ጋ ይውላል?
በቀን ስንት ሺህ አለፈኝ፣ ዓይኑን እኔ ላይ አፍጥጦ፤
እኔን ግን ሰዓቱ አሯሩጦ
ከአንገት በታች ብቻ አሳየኝ፣ የቢላውን መስመር መርጦ።

በማግስቱ ወረድሁ፣ ዓሣ ሻጩ ቴልሞ ዘንድ።
“ስንት ኪሎ?” አለኝ። “አንድ።”
“አንድ ኪሎ?”
“አንድ ዓሣ። ከነራሱ።”
ተራ የያዙት ሳቁ፤ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ እሱ።

መስኮት ሥር አጋደምኩት። የታችኛው መንጋጋው ወጣ ይላል፣
የሆነ ነገር ሊጠይቅ አስቦ የተወ ይመስላል።
ጉንጩ ላይ ጭረት አለው፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፤
ይህን ጌጥ ነው ወደ ባልዲ ስጥል የኖርኩት፣ ሲመሽ ሲነጋ።

(ማታ ጠብሼ በላሁት። ዓሣ ነዋ።)

ወረቀቱ መቶ ሠላሳ ይላል፤ የኦቭኔ ቁጥር በቅባት ጠፍቷል፤
በግምት ለኮስኩት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሽታው ደረጃውን ወጥቷል።
ግራሲዬት ከላይ ፎቅ በመስኮት ብቅ ብላ፣
“ዴኦሊንዳ! ምን ታቃጥያለሽ?”
“ዓሣ!” አልኳት፣ በፎጣ እያራገብኩ።
“ዓሣ? ለእኔ? አብረን አርጅተን በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ቢላ?”

ሲበርድ አወጣሁት። የጅራቱ ጫፍ አርሯል፣ ይሁን፤
አንገቱ ግን ተሰንጥቋል፤ ራሱን በማግስቱ ስለቀጠልኩት ይሆን?
ስንጥቁ የት ላይ መሰላችሁ? እዚያው፣ ቢላዬ ከሚያርፍበት፤
አቢሊዮ እንኳ ቢያየው እንከን የማያወጣበት።

በሙጫ ገጠምኩት። ከቴሌቪዥኑ ጎን ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል።
አውራ ጣቴ አሁንም ይስባል።
እሱ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ፣
እስኪጨልም። ነገ አምፖል እገዛለሁ።