አለህ? አለሁ

አፉላ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣
ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ሁለት ሰርቨር አቁሜ ባንድ ስም ጠራኋቸው፤
የከተማው ኢሜይል፣ የሠላሳ ዓመት ማኅደር፣ አደራው በጫንቃቸው።

አንደኛው ይሠራል። ሁለተኛው ነቅቶ ይጠብቃል፣
በየሰከንዱ፣ በቀጭን ሽቦ፣ «አለህ?» ይላል።
«አለሁ።»
«አለህ?»
«አለሁ።»
ሌላ ወሬ የላቸውም።

ሽቦው ቢበጠስስ? ሁለቱም በሕይወት ሳሉ
«ወንድሜ ሞቷል» ብለው ለውርስ ቢቻኮሉ፣
አንዱን መዝገብ ከሁለት ቀደው ቢካፈሉ?
ሽማግሌ አስቀመጥኩ፦ ትንሽ ዲስክ፣ ሦስተኛ፣
ደብዳቤ አይቀበል፣ ማኅደር አይገልጥ፣ አይተኛ፤
እሱ የመሰከረለት ብቻ ይቀጥላል።

ከዚያ የሚሠራውን ገመድ በገዛ እጄ ነቀልኩ።
ያልሞከሩት ምትክ ምትክ አይባልም። ቆጠርኩ።
አንድ። ሁለት። ሰባት ላይ ጀርባዬ በላብ ራሰ፤
አሥራ አንድ ላይ ሁለተኛው ስሙን ለበሰ፣
አንዲት ደብዳቤ እንኳ መንገድ ላይ አላፈሰሰ።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ።
እኅቴ ስንዱ ናት፣ ከሆስፒታል፣ ከአባታችን ራስጌ፦
«ያንተ ተራ ነበር።
ግድ የለም፣ እኔ አለሁ።»

ጠዋት ዚቫ ከሒሳብ ክፍል ኢሜይሏን ከፈተች፣
ስለ አየር ማቀዝቀዣው ብቻ አማረረች።
እኔም ለፊተኛው ገመዱን መለስኩለት።
ነቃ። ቦታዬን አምጣ አላለም።
ከሁለተኛው ኋላ ቆሞ
ጠየቀ፦
«አለህ?»