ሉክ አፍተር

ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ሙቀት ያማስላል፤
ከዚራ፣ ማታ ክፍል፣ ጠመኔ ያስላል።
መምህር ሰለሀዲን ሁለት ቃላት ጻፈ፤
ዙሪያቸውን ከቦ በአንድ ክብ አቀፈ።

«‹ሉክ› ማየት ነው፤ ይህን ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤
‹አፍተር› ደግሞ በኋላ፣ ከኋላ ልበላችሁ፤
ሲጋጠሙ ግን፣ አደራ፣ ተጠንቀቁ፣
መንከባከብ ነው የሚሆን፤ ቃል በቃል አትጠብቁ።
መጽሐፉን ዝጉና ከቤታችሁ አምጡ፤
የዕለት ኑሯችሁን በዓረፍተ ነገር ስጡ።»

ሂቦ ቀደመች፣ ታይዋን ሰፈር ሱቅ ያላት፤
«ዘኪያ ታይልኛለች፣ ስሄድ ለሶላት፣
ሱቄን» አለች በእንግሊዝኛ፣ አፏ እየተሳሰረ፤
«ትክክል» አለ መምህር፣ ከሥሩ አሰመረ።

ጃቢር ስለ ባጃጁ ብሎ ሲቀመጥ፣
ጋሽ ቀጸላ ተነሱ፤ ወንበራቸው ሲጥ።
የምድር ባቡር ሰው ናቸው፣ የመጨረሻው ፉርጎ ፍሬን ያዥ፤
ዛሬ በስተርጅና የእንግሊዝኛ ደብተር ያዥ።

«አይ ሉክ አፍተር ዘ ትሬን።»
ዝም አሉ።
«ያጥቡት፣ ዘይት ይቀቡት ነበር ማለት ነው?» ተባሉ።
«የለም፤ እዚያ ጥላ ሥር ቆሜ፣ ሲሄድ ከኋላው አየሁት፤
ወደ ሺኒሌ ሲታጠፍ፣ እጄን እንዳነሳሁ ሸኘሁት።»

ክፍሉ ሳቀ።
መምህር ጠመኔውን አየር ላይ አቆመ፤
ስህተት ሊል አልደፈረ፣ ትክክል ለማለት ደከመ።

እኔ ግን ደብተሬ ላይ አንገቴን ደፍቼ፣
የእናቴን ቃል አገኘሁ፣ ሁለቱ ቃላት መሃል ገብቼ፤
ደቻቱ የመጣ ሌሊት፣ ደጁን ጎርፉ ሲገፋው፣
«ወንድምሽን እዪልኝ» አለችኝ፣ ፋኖሱን ንፋስ ሲያጠፋው።

«ጠብቂው» አላለችም፤ ያለችው «እዪልኝ» ነው፤
በኛም ቋንቋ ለካ ማየት ክንድ አለው።

አየሁት።
እስከ ድልድዩ፣ እስከ ጨለማው፣
ቢጫ ካናቴራውን ደራሹ እስኪቀማው፤
በዓይኔ፣
በዓይኔ ብቻ፣
ከኋላው።

ደብተር ተሰበሰበ። የኔ ላይ አንዲት መስመር፦
«አይ ሉክ አፍተር ማይ ብራዘር።»
መምህር ሰለሀዲን በቀይ ራይት አደረገበት፤
የኃላፊ ጊዜ ‹ኢዲ› አልጨመረበት።

ስንወጣ፣ በር ላይ፣ ጋሽ ቀጸላ «አንቺስ ምን ጻፍሽ?» አሉኝ፤
አልመለስኩም፤
እስከ መታጠፊያው ድረስ ከኋላዬ አዩኝ።