የማን ክንድ

ሰኞ ሰኞ ባቲ፣ አቡጀዲ ተራ፣
አጎቴ ሙሄ እብሬ በክንዱ ሲሠራ፣
ክንዱ አጭር ነበረ፣ ምላሱ ረጅም፤
ነቅቶ የመጣ ገዢ በምላስ አይገዛም፤
ሎጋ አፋር ወዳጁን ከኋላው አስከትሎ
"በዚህ ክንድ ለካልኝ!" ይለዋል ቀጥ ብሎ።

ጠብ ሆነ። ድንጋይ ተነሣ። ሽማግሌ መሀል ገባ።
አንድ ክንድ ወይራ ተቆርጦ ከግራሩ ላይ ተሰቀለ፤
ከዚያ ወዲያ "በማን ክንድ?" ብሎ የተጣላ የለ።

ልጅ ነኝና ጠየቅኩት፦
"ወይራው ሲቆረጥስ በማን ክንድ ተለካ?"
ሙሄ መልስ አልሰጠኝ። ጢሙን ነካ ነካ
አደረገ፣ በዚያው በአጭር ክንዱ።

*

ኮምቦልቻ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሊል ጥቂት ሲቀረው።
ለሰብሳቢው ገና ጧት ነው።
መብራት የለም። በስልኬ ዳታ፣ በላፕቶፔ ጭላጭ ባትሪ
የኳንተም መለኪያ ስብሰባ፣ ሦስተኛ ሌሊት።

"ይገባል" ይባል ወይስ "ይችላል"፣ በአንዲት ግስ
አርባ ደቂቃ ተናከሱ።
ካንዱ ግስ ጀርባ ፋብሪካ፣ ከሌላው ጀርባ ጦር፣
ከፈገግታቸው ጀርባ የፓተንት ድርድር።
ስህተት የሚባለው ከስንት ይጀምራል፣
ምስጢርስ በማን ቁልፍ፣ በማን መስመር ያልፋል፤
ማሽኑ ገና ሕልም ነው፣ ግማሹ ወረቀት፣
ጨርቁ ሳይሸመን ክንዱ ተቆርጧል።

ከስሜ ግርጌ "ታዛቢ" ይላል።
ድምፅ የለኝም፤ ማይኬም ተዘግቷል።

"ተቃውሞ ያለው?" አሉ ሰብሳቢው።
ከታች ባለችው ጠባብ ሣጥን
"ወይራው ሲቆረጥስ…" ብዬ ጀመርኩ፤
ደመሰስኩት።
በየትኛው አንቀጽ ላስገባው?

ሐሙስ ሐሙስ ክፍል ገብቼ፣ ጠመኔ በእጄ፣
"ትንሿ ነገር ካላዩዋት እዚህም እዚያም ናት፤
ሲያዩዋት ግን አንዱን ትሆናለች፤ ማየት ይለውጣታል"
ብዬ አስተምራለሁ።
ሦስት ሌሊት አየኋቸው፣ እስኪነጋ ድረስ፣
አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳላንቀሳቅስ።

ለአዲስ አበባ ሪፖርት ስሞላ
ቅጹ ላይ "ተሳትፈናል" የሚል ነበረ፤
ሰርዤ "ታዝበናል" አልኩ።
አለቃዬ መልሶ አረመው።

*

ሰኞ ባቲ ወረድኩ።
ሙሄ የለም፤ ወይራውም የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።
ከሱቁ ያለው ልጅ፣ የሉባባ የበኩር፣
ማኅተም ያለበት የብረት ሜትር ይዟል፤
ይለካል፣ ጨርቁን እንደ ከበሮ ወጥሮ።

ዝም ብዬ አየሁት።
ቀና አለ። አየኝ።
ጨርቁን ላላ አደረገው።