ቻለው

ስሙን ያወጣው አባቴ ነው፤
ድንበር ገፍቶ ላጠረብን ጎረቤት ነበር መልሱ።
ሰው መስደብ ስላልወደደ፣ ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ
«ቻለው! ቻለው!» ይል ነበር፣
ግማሹን ለውሻው፣ ግማሹን ለራሱ።

አባቴ አለፈ፤ አጥሩም እንደተገፋ ቀረ፤
ቻለው ግን ሰባት ዓመት ስሙን አክብሮ ኖረ።
የሲፈን ጣት ጆሮው ውስጥ፣ የሲፈን እግር ጀርባው ላይ፣
አንድ ቀን ሳያጉረመርም፣ አንዴም ጥርሱን ሳያሳይ።

በሚያዝያ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እንደ እንዝርት ሲያሾር፣
ራሱን ልትዳብስ ብትጠጋው
ነከሳት።
እሷ ጤና ጣቢያ መርፌ ስትወጋ፣ ሰፈሩ ለፍርድ ተቀምጦ ነበር።

«አብዷል» አለ ባለ ባጃጁ፤ «ወንጂ መንገድ ወስደህ ጣለው።»
«ሥጋ ላይ ትንሽ ነገር...» አሉ እማማ ድንቄ፣
ቀሪውን በዓይናቸው ጨረሱት።
ሚስቴ ምንም አላለች፤
ሰንሰለት ገዝታ በግራ እጇ አንጠልጥላ መጣች።

ክሊኒኩ ፍራንኮ ነው። ወረፋው ላይ አንድ በግ፣ በካርቶን አንዲት ድመት፤
«ቂም ይዛ ነው አልጋዬ ላይ የምትሸናው» ይላል ባለቤት።
«ቂም አይደለም፣ ፊኛዋን ነው» አለችው ዶክተር ለሊሴ።
ከዚያ እኛ።
የክትባት ካርዱን አየች፤
«ቢሆንም አሥር ቀን ለብቻው ይቆይ፣ እያየሁት» አለች፤
እስክሪብቶ አነሳች።

«ጠባዩ ተበላሽቶ ነው» አልኳት፣ እንደ ሌባ አባት አቀርቅሬ።
«መቼ ጀመረው? የት ያድራል?
ሲያኝክ በየት በኩል ነው?
በየትኛው ጎኑ ይተኛል? ሲነካ የቱ ጋ ይደነግጣል?»
ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ
አንዱን እንኳ አላውቅ ኖሯል።

አፉን በሻሽ አስረን፣ በትንሽ መብራት ጆሮውን አየች፤
ዝም ብላ ለእኔም አሳየችኝ፤
የሣር እሾህ፣ በመግል ተከቦ፣ ሥጋው ውስጥ የተቀበረ።
«ወራት ሆኖታል» አለች። «ጠባይ አይደለም። ችሎ ነበረ።»

ጆሮው ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን ቶሎ አልሻረም።
እጅ ሲነሳ አሁንም ይሸሻል።
«እሱ ይምጣ እንጂ አንቺ አትሂጂበት» ተብላለች ሲፈን፤
በየማታው ቁራጭ ጉበት ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች።
ትናንት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆሞ
አሸተታት።

ሚስቴ ባልዲውን በግራ እጇ አንስታ በደጃፍ ስታልፍ
የዶክተሯ ጥያቄ አፌ ላይ ነበር፤
«ቀኝ ትከሻሽን መቼ ነው የጀመረሽ?»
ባልዲውን አስቀመጠች።
«መቼ አየኸው?» አለችኝ።