የሰንጋ ተራ ሒሳብ

አጎቴ ደምረው፣ ስሙን የመሰለ፣
በምድር ባቡር መዝገብ ሲደምር የዋለ፣
ለገሐር ፀጥ ብሎ ፉጨቱ ሲታጣ
እርሳሱን ብቻ ይዞ ጡረታ የወጣ፣
ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ «ሊፍት አላምንም» ብሎ፣
አሥራ አንድ ፎቅ በእግሩ እኔ ዘንድ መጣ።

ላቡን ሳይጠርግ አንዲት ወረቀት ዘረጋ፤
የመድኃኒት ደረሰኝ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር የተጠጋጋ።
«ናሆም ነው፣ የልጅ ልጄ፣ ከዱባይ የላከልኝ፤
በወር በወር የሚከፍል አንድ ፈንድ አለ አለኝ።
በዓመት ከመቶ ሃምሳ! አንቺ የባንክ ሰው ነሽ፤
በወር ስንት ይገባል? አስቢልኝ እስቲ፣ ካላስቸገርኩሽ።»

ዶሮ ማነቂያ ነበረችው፣ አንዲት ክፍል ከነበረንዳዋ፤
ልብስ ሰፊው ሸምሱ ነበር ተከራይዋ።
ወር በገባ በአምስተኛው፣ ዝናብም ይዝነብ፣
በጋዜጣ ጠቅልሎ ብሩን ሲያስረክብ
«ቁጠረው» ይለው ነበር፤
አጎቴ አይቆጥርም፤ የሸምሱን መቁጠር ነውር ነበር።

ክፍሏ ፈረሰች። መንገድ ሰፋ። መብራት ተተከለ።
ሸምሱ ከነመኪናው የት እንደገባ እንጃ፣ ማን ተከተለ?
ካሳው ባንክ ተቀመጠ፣ ዝም ብሎ፣ እንደ እንግዳ፤
ወር በገባ በአምስተኛው ግን የአጎቴ ጆሮ
በር ላይ ነው፣ ማለዳ ማለዳ።

አሰብኩለት፣ እርሳሱን ተቀብዬ።
ቀላሉን መጀመሪያ፦ ያለውን በዋጋው አካፍዬ፣
የአንድ ወሩን ክፍያ በድርሻው ልክ አባዝቼ፣
ያንን በአሥራ ሁለት፣ ግብሩን ከላይ አንስቼ።
ቁጥሩ አማረ። ከሸምሱ ኪራይ አራት እጥፍ ወጣ።
አጎቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ፊቱ ላይ ደም መጣ።

«ቆይ» አልኩት። «ይሄ የጥር ነው። የካቲት ግን ግማሹ።
መጋቢት ከዚያም ወረደ፤ አብሮም ወረደ ዋጋው ራሱ።
አንዱን ወር ይዞ በአሥራ ሁለት ማባዛት
የሐምሌን ጎርፍ ለክቶ ‹የዓመት ውሃ ነው› እንደ ማለት።»

«ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» አለ። እዚህ ላይ አፌ ተያዘ።
በመስኮት አየሁ፦ ሰንጋ ተራ፣ መስታወት በመስታወት የተያያዘ፤
ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ በሬ የተሸጠበት፣
ጥርስ ታይቶ፣ ሻኛ ተዳስሶ፣ እጅ ለእጅ የተማቱበት።

«ጋሼ፣ ወይፈን አለህ እንበል፤ ገና የሚያድግ።
አንዱ መጥቶ፦ ‹ለፋሲካ ከደለበ በዛሬው ዋጋ ለእኔ ይደረግ፤
ለቃልህ አሁኑኑ ይኸው መቶ ብር› አለ።
በየወሩ የሚከፈልህ ያ መቶ ብር ነው፣ እየተከፋፈለ።
ቢደልብ ስቡ የሌላ ነው፤ ቢከሳ ላንተ ነው አጥንቱ፤
ክፍያው እንዳይጎድል ደግሞ ከታፋው ይቆርጣሉ፣
ቆሞ ሳለ፣ በሕይወቱ።»

ዝም አለ። እርሳሱን ከእጄ ወሰደ፤
ከቁጥሩ ሁሉ በታች አንድ ቀጭን መስመር ሰደደ።
«ማለትሽ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሸምሱ ሌሊት ሌሊት
ከገዛ ግድግዳዬ ጡብ እየነቀለ፣
በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ‹ኪራይህ› እንደሚለኝ ማለት?»

«ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ወር ግን ጡቡ ነው።»

ሳቀ። ደረጃውን የሚሞላ ሳቅ ነበረ።
«እንግዲያው ዋናው ሒሳብ ቀረ።
እኔ ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ። ጡቡ ስንት ነው? በወር የሚነቀለው ስንት?
እሱ ነው ወይስ እኔ ቀድሞ የሚያልቀው?
እስቲ ይህን አውጪው፣ በእውነት።»

ደረሰኙን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ወረደ፣ በእግሩ።
ባንድ ወገን የመድኃኒቱ ስም፣ የልብ ነው፤ በሌላው ቁጥሩ።
ዛሬ ወር በገባ አምስት ነው።
መስመሩ አለ። ባዶ ነው ከሥሩ።