ሙሄ ያውቃል

ከሸርፍ ተራ ዝቅ ብሎ፣ ሬዲዮ የምጠግንባት
አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣ ሁለት ሰው የማይዞርባት።
የጦሳ ጭጋግ ሳይገለጥ፣ ሙሄ ዱካዋን ይይዛል፤
ባለ ሱቁ እኔ ቆሜ፣ እንግዳው ተቀምጦ ያዛል።

ገና ክዳኑን ሳልፈታ፣ «ባትሪው ነው» ይለኛል፤
ባትሪው ደህና ሲሆን፣ «ሽቦው ነው» ይለኛል፤
ሽቦውም ደህና ሲሆን፣
«ታዲያ እኔስ ምን አልኩህ?» ይለኛል።

ሙሄ ያውቃል።
የሰኞ ገበያን የጤፍ ዋጋ፣ እሁድ ማታ ያውቃል፤
ቄሱ ከስብከት የሳቱትን፣
ሼኹ ከተፍሲር የዘለሉትን፣
ለልጅ ቁርጠት፣ ለበሬ ሳል፣
ለጎረቤት ጠብ የሚበጀውን ያውቃል።

እኔም እልኸኛ ነኝና፣ አንድ ቀን ወጥመድ ዘረጋሁ፤
የሌለ ዕቃ ፈጥሬ፣ የሌለ ስም አወጣሁ።
«ሙሄ፣ ዘምበሎሜትር ጠፋኝ፤ ከየት ይገኝ ይሆን?» ብለው፣
«የጀርመኑን ፈልግ» አለኝ፣ «የቻይናው ቶሎ ነው የሚግለው።»
ተለማማጄ ዘይኑ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤
ሙሄም አብሮን ሳቀ፤
የምንስቅበትንም ያውቃልና።

ሳቁ ግን አልቆየም።
ከመቅደላ የመጣ ሰው፣ እግሩ እንደ ቅል ያበጠ፣
«ቦሩ ሆስፒታል በየት ነው?» ብሎ ደጄ ላይ ተቀመጠ።
እኔ ዕቃ ልገዛ ወጥቼ፣ ሙሄ ብቻውን ነበረ፤
«አላውቅም» ማለት ከብዶት፣
የኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ አሳፈረ።
ማታ፣ ሰውየው በዱላው እየተደገፈ ተመለሰ።
አልተቆጣም። ውሃ ብቻ ለመነን።
ያን ሌሊት ማልኩ፦ ዱካዋን ሰብሬ አነዳታለሁ።

በነጋታው ዝናብ ነበር። ዘይኑ፣ ልጅ ነውና፣
«ጋሽ ሙሄ» አለው፣ «በባቲ የወጣው አንዋር፣
አሁን የት ደረሰ?»
ሙሄ እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ።
ጠበቅሁ፦ ጅቡቲ ሊል ነው፤ የመን ሊል ነው፤ ጅዳ።
ጣቢያ እንደሳተ ሬዲዮ፣ ሿ ብሎ ቆየና፣
«አላውቅም» አለ።
«ሦስት ዓመቱ ነው። አላውቅም።»

ዱካዋን አልሰበርኳትም።
የዚያ የመቅደላ ሰው እግር ግን፣ እስከ ዛሬ ያመኛል።
ካርቶን ቆርጬ በትልቁ ጻፍኩ፦
«ቦሩ ሆስፒታል፣ በላይኛው ታክሲ»፤
ከዱካዋ ፊት ለፊት ሰቀልኩት።

አሁን መንገደኛ ሲጠይቅ፣
ሙሄ አገጩን ያሻል፣ ያስባል፣
ካርቶኑን በዓይኑ ጠርዝ ያነባል፣
«ምን ችግር አለው!» ይላል፣ «በላይኛው ታክሲ ነዋ!»
እኔም ቀና ሳልል፣ ብሎን እያጠበቅሁ፣
«ሙሄ ያውቃል» እላለሁ።